መድረክ ላይ የወጣው ጸጉር ቤት

በሚዶ ጸጉር ቤት የማይነሣ ወሬ አንድ ብቻ ነበር። የሰው ትዳር ይነሣል፤ የሰው ጥርስ ይነሣል፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን አዲስ ሶፋ ገዝቶ ፕላስቲኩን ሳይገፍ እየተንሸራተተ እንደሚቀመጥበት ይነሣል። የሚዶ ባል ግን አይነሣም።

ሚዶ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ማበጠሪያ ከእጇ ስለማይለይ፣ መንገድ ለጠየቃት ሰው እንኳ በማበጠሪያዋ እየጠቆመች ስለምታሳይ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። በእንቅልፍ ልቧ ትራሷን ታበጥራለች የሚሉም አሉ። ይህን አይቶ ሊመሰክር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከሄደ ቆይቷል።

ሰውየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሚዶ ለጠየቃት ሁሉ «ራቅ ያለ ቦታ ሥራ አግኝቶ ነው» ትላለች። ራቅ ያለው ቦታ ድልድዩን ተሻግሮ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ያለው ጎሚስታ ቤት ነው። የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ሴት ናት፤ እሱም መሪውን ትቶ እሷ ዘንድ ጎማ ይነፋል። ይህን ሰፈሩ ያውቃል። ሚዶም ታውቃለች። ሰፈሩ ሚዶ እንደምታውቅ ያውቃል፤ ሚዶም ሰፈሩ እንደሚያውቅ ታውቃለች። አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ወሬው ወደ መንገድ፣ ወደ ሹፌር ወይም ወደ ድልድይ ያዘነበለ እንደሆነ አንዷ ፈጥና ኮንዲሽነር ትጠይቃለች። «ጎማ» የሚለው ቃልማ ጭራሽ ከአገልግሎት ወጥቷል። አንድ ቀን ደንበኛዋ ነርሷ የተሳፈረችበት ታክሲ ጎማው ፈንድቶ ዘግይታ ስትመጣ፣ «ታክሲው እግሩን አሞት ነው» ብላ ገባች፤ ማንም አልሳቀም።

ይህ ሁሉ ለሚዶ በጎ ታስቦ ነው። እሷን የሚያንገበግባት ግን ከዝምታው ጋር የሚመጣው «አይዞሽ» ነበር። አንዷ ተሠርታ፣ መስተዋቱ ፊት ዞር ዞር ብላ ራሷን አይታ ስትጨርስ፣ የሚዶን ትከሻ መታ መታ ታደርግና «አይዞሽ እሺ» ብላት ትወጣለች። ለምን? አትናገርም። ቀጥላ የምትመጣዋም እንዲሁ። «ታምሜ እንደሆነ፣ ቤቴ ተቃጥሎ እንደሆነ እንጃልኝ፤ አይዞሽ ብቻ» ትል ነበር ሚዶ ለአክስቷ። አክስቷ ግን አይሰሙም።

አክስቷ የጸጉር ቤቱ ራስ አጣቢ ናቸው። ጆሯቸው ከከዳቸው ዘመን ሆኖታል፤ መድፍ ቢተኮስ «ማነው በር የሚያንኳኳው?» የሚሉ ሴት ናቸው። ቤቱ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከፊት መስተዋቱ፣ ወንበሮቹና እንደ ወፍጮ የሚጮኸው የጸጉር ማድረቂያ ካስክ አሉ፤ እዚያ ሚዶ ትሠራለች። ከመጋረጃው ጀርባ የራስ መታጠቢያው አለ፤ እዚያ አክስቷ ያጥባሉ። ፊት ለፊት የማይነሣው ያ አንድ ወሬ መኖሪያው ይኸው ጓዳ ነበር። አንገቷን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለብ ያለ ውሃ አናቷ ላይ ሲወርድ ዝም ማለት የምትችል ሴት ገና አልተወለደችም። አክስትየዋ ደግሞ ስለማይሰሙ እሳቸው ዘንድ የተራገፈ ወሬ ጉድጓድ እንደገባ ይቆጠራል። ሚዶም ከካስኩ ጩኸት የተነሣ ምንም አይደርሳትም ተብሎ ይታመን ነበር። እሷ ደግሞ የሚያምኑትን አላፈረሰችባቸውም።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንሂድ። መጋዘኑ የምንለው አደባባዩ ጥግ ላይ ያለውን አዳራሽ ነው። ድሮ ጥጥ ይከመርበት ነበር፤ ዛሬም ጥግ ጥጉን ብትቧጭሩት ጥጥ አይታጣም። በኋላ ለሰፈሩ የጥበብ ማዕከል ሆኖ ተሰጠ፤ የምታስተዳድረውም አንዲት ቀጠን ያለች፣ መነጽሯ ከፊቷ የሚበልጥ ልጅ ናት። ማንም የፈለገውን ሐሳብ ይዞ ቢመጣ «ለምን አይሆንም?» ስለምትል ስሟ ለምናይሆንም ሆኖ ቀርቷል። ለምናይሆንም በዚያ ዓመት «የሙከራ ወቅት» የሚባል ነገር አመጣች። ወቅቱ እስኪያልቅ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ትርኢትና ሥዕል ይቀርባል፤ መግቢያው ክፍት ነው፤ ያሰኘው ይምጣ።

ሰፈሩም መጣ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሰውዬ የወረቀት ከረጢት ውስጥ እየተነፈሰ፣ የከረጢቱን አፍ በክር እያሰረ ከጣሪያው ላይ ሰቀለ። ይኸው ነው። ሰቀለ፣ ሰቀለ፣ ሰቀለ፤ ከዚያ እጅ ነሥቶ ወረደ። የሰፈሩ ባለሱቅ «ይሄ ሁሉ ከረጢት ባዶውን» ብላ ከልቧ አዘነች። በሌላው ቅዳሜ አንዲት ሠዓሊ ግድግዳው ላይ በንጹሕ ውሃ ብቻ ሣለች፤ ሰዉ ገና «ምንድን ነው እሱ?» እየተባባለ ሥዕሉ ደረቀ። ለምናይሆንም ዘግይተው የመጡትን፣ ውበቱ ቶሎ የመጣ ብቻ የሚያየው መሆኑ ላይ ነው ብላ ስታጽናናቸው፣ ከኋላ አንዱ ቶሎ የመጣነውስ መቼ አየነው አለ። ከዚያ ደግሞ ሁለት እህትማማቾች ጀርባና ጀርባቸውን ታስረው አንድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሲታገሉ አመሹ። ለዚህኛው እንኳ ሰዉ ማብራሪያ አልጠየቀም። ባለትዳር የሆነ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ሚዶም እንደ ሰው ሳቀች። የከረጢቱ ሰውዬ ግን ከሐሳቧ አልወጣ አለ። ሥራዬ ብላ ያስተዋለችው ከረጢቶቹን አልነበረም፤ ተመልካቹን ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሰውየውን ዝም ብሎ ሲሠራ አየው። አልራራለትም፤ ትከሻውን መታ መታ አላደረገውም፤ አየው፣ ሲጨርስ አጨበጨበለት። ሚዶ ስንት ዓመት ቆማ ሠርታለች፤ የሚያዩዋት ሁሉ ግን እጇን ሳይሆን የተተወች ሴትን ነው የሚያዩት።

በማግስቱ ማበጠሪያዋን እንደያዘች መጋዘኑ ሄደች።

«ሰው ትንፋሹን ሰቅሎ ከተጨበጨበለት» አለቻት ለምናይሆንምን፣ «እኔ ራስ አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ወሬ አስወርቼ የማይጨበጨብልኝ ለምንድን ነው? ቤቴን እንዳለ መድረክ ላይ ላወጣው ነው።»

«ለምን አይሆንም?» አለች ለምናይሆንም። የወቅቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ያልተያዘ ስለነበር እሱን ሰጠቻት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀቻት፤ አስቀድሞ ልምምዱን ታያለች፤ ነገሩ ሕይወት ከሌለው ግን ቀኑን ለሌላ ትሰጣለች።

ሚዶ ሦስት ደንበኞቿን መረጠች፤ ባለሱቋን፣ ነርሷንና ልብስ ሰፊዋን። ከነዚህ ሦስቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጋዜጣ አያስፈልገውም። በልምምዱ ዕለት ሦስቱ ተከታትለው መድረኩ ላይ ሲወጡ ግን ሚዶ ማበጠሪያዋን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። ሦስቱም ተሠርተው ነው የመጡት። ጸጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ የተፈታ፣ የተቀባ፣ አንዲት ዘለላ እንኳ ከቦታዋ ያልተነቃነቀች። ሰው ፊት ሊቀርቡ ነውና፣ ጸጉር ለመሠራት ከመምጣታቸው በፊት ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ያውም ከአደባባዩ ማዶ፣ ሚዶ ስሙን ከማትጠራው ቤት።

«አሁን ምን ላድርግላችሁ?» አለች ሚዶ። «ላበላሸው?»

«እና ተንጨባርሬ ሰው ፊት ልውጣልሽ?» አለች ባለሱቋ። «ነገ ሱቄ ማን ይመጣል?»

ይኸስ ባልከፋ። ቤት ውስጥ ሦስት ወሬ ባንድ ጊዜ የምታካሂደው ባለሱቋ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይህን መድረክ ላመቻቹ አካላት ሁሉ ምስጋና አቀረበች፤ ቀጥላም ጸጉር ለሰው ልጅ የሚሰጠውን ጥቅም ከፋፍላ አስረዳች። ነርሷ ተነሥታ ስለ እጅ መታጠብ ትምህርት ሰጠች። ልብስ ሰፊዋ ከእሷ በፊት የተናገሩት ሁሉንም ስለዳሰሱት የምትጨምረው እንደሌላት ገልጻ፣ ለዕድሉ አመስግና ተቀመጠች። የቀረው ቃለ ጉባኤ መፈረም ብቻ ነበር።

ለምናይሆንም መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የምትለውን ስትፈልግ ነው። «እትዬ ሚዶ፣ እርስዎ ቤት ስመጣ ሴቶቹ እንዲህ አይደሉም። የሚቀጥለውም ልምምድ እንዲህ ከሆነ የመጨረሻዋን ቅዳሜ ለከረጢቱ ሰውዬ ልሰጠው ነው። አሁን በላስቲክ መሞከር ይፈልጋል።»

«ለእሱ ከምትሰጪው እኔ ጸጉሬን ልላጭ።»

«ለምን አይ…» ብላ ለምናይሆንም አፏን ያዘች።

ሚዶ ሦስቱን ሴቶች እንደ ልጅ ቀጣቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ ራሳቸው ውሃ እንዳይነካው፣ የቤት ልብሳቸውን ለብሰው እንዲመጡ፣ «በቅድሚያ» የሚል ቃል ከአፏ ያወጣች እንደሆነ ዕድሜ ልኳን ካስክ ውስጥ እንደማትገባ ነገረቻቸው። እነሱም ታዘዙ። ግን ብቻቸውን ቤቷ ውስጥ ሲለማመዱ እንኳ፣ «መድረክ ነው ብላችሁ አስቡ» ስትላቸው ከንፈራቸው ይደርቃል፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው የመታወቂያ ፎቶ የሚነሡ ይመስላሉ። ሚዶ ልትጮህ ስትል ነርሷ ራሷን ለመታጠብ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳው ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሹክሹክታ፤ ቀጥሎ ያ «ውይ በሞትኩት» የሚባለው፣ እውነተኛ ወሬ ብቻ የሚያስከትለው ድምፅ።

ሚዶ መጋረጃውን ቆማ አየችው። ሕይወቱ ያለው እዚያ ነው። እዚያ ምን እንደሚወራም ሳትጠረጥር አልቀረችም፤ ሞኝ አይደለችማ። ብዙ አሰበች ለማለት ግን አይቻልም። ማበጠሪያዋን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ሻጠችና ቧንቧ ሠራተኛውን ልትጠራ ሄደች።

ቧንቧ ሠራተኛው መታጠቢያውን ዙሪያውን አይቶ ምላሱን ጠቅ አደረገ። ከግድግዳው ቢነቀል እንኳ መድረኩ ከፍ ያለ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም አላት። «ዛሬ ይወጣል» አለችው። ወጣ። በርሜል ከመድረኩ ጀርባ መሰላል ላይ ተሰቅሎ፣ ቱቦ ተቀጥሎ፣ ፍሳሹ ባልዲ ውስጥ እንዲወርድ ሆኖ ወጣ። መታጠቢያው በእጅ ጋሪ ተጭኖ አደባባዩን ሲያቋርጥ ሚዶ ከኋላ እየገፋች ነበር፤ ከማዶው ጸጉር ቤት ሴቶቹ ቢጎዲናቸውን እንደያዙ በር ላይ ወጥተው አዩዋት። ለምናይሆንም የመድረኩን ጣውላና የኤሌክትሪክ ሽቦውን አይታ ተጨነቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከአፏ «አይሆንም» ወጣ።

«ስምሽን አታበላሺ» አለቻት ሚዶ፤ ጣውላው ላይም የቤቷን የወለል ላስቲክ ነቅላ አመጣችና ዘረጋችበት።

ሁለተኛው ልምምድ ተሻለ። አክስትየዋ የልብስ ሰፊዋን ራስ ሲያጥቡ፣ ልብስ ሰፊዋ ስለ አንድ ሱሪ ያሰፋ ደንበኛ ማውራት ጀመረች፤ ለምናይሆንምም ሳቋ አመለጣት። ቅዳሜዋ ለሚዶ ጸደቀች። ለምናይሆንም የውሃውን ድምፅ ስለወደደችው ከመታጠቢያው በላይ አንዲት ትንሽ ማይክሮፎን አንጠለጠለች። ባለሱቋ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ «ለውሃው ነው» አሏት። ለውሃው ከሆነ የሰው ድምፅ አያነሣም ብላ ተወችው።

ቅዳሜ መጋዘኑ ሞላ። ግማሹ በሥዕል ፊት ሲቆም አንገቱን ዘንበል የሚያደርገው ዓይነት ሰው ነው፤ ግማሹ የእኛው ሰፈር ነው፤ ማን እንዴት እንደሚዋረድ ለማየት በጊዜ መጥቶ የፊቱን ወንበር ይዟል። መድረኩ ላይ መስተዋቱ፣ ካስኩና መታጠቢያው ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ ካስኩ ውስጥ ገብታለች፤ ነርሷ ተራዋን ትጠብቃለች። አክስትየዋ አዲስ ቀሚስ ለብሰው መታጠቢያው አጠገብ ቆመዋል። ሚዶ ጀመረች።

አጀማመሩ አያድርስ ነበር። ነርሷ ተመልካቹን ስታይ የእጅ መታጠቡ ትምህርት መጣባት፤ ሚዶ በማበጠሪያዋ ጎሸም ባታደርጋት ትጨርሰው ነበር። ከኋላ ወንበር ተንሿሿ። ለምናይሆንም በሩ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ሚዶ ባለሱቋን ወደ መታጠቢያው መራቻት። ባለሱቋ አንገቷን ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ አክስትየዋ ውሃውን ለቀው ሳሙናውን አረፋ በአረፋ አደረጉት። ልክ በዚህ መሐል አክስትየዋ ቀና ሲሉ ከፊተኛው ረድፍ ዱሮ ጎረቤታቸው የነበሩትን፣ ከተለያዩ ስንት ዘመን የሆናቸውን አሮጊት አዩ። እንግዲህ ሰው ሰላም ሳይባል ሥራ ይሠራል? አክስትየዋ እጃቸውን በአዲሱ ቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ከመድረኩ ወረዱ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ አጠገባቸው ቦታ ተለቀቀላቸው፤ ተቀመጡ። በቃ። ራስ እየታጠበ መሆኑን የሚያስታውሳቸው ቢኖር እንኳ አይሰሙም።

ባለሱቋ አረፋ ተሸክማ ቀረች። ሚዶ ምን ታድርግ፤ እጅጌዋን ሰብስባ ራሷ ማጠብ ጀመረች።

እንግዲህ ባለሱቋ ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ጆሮዋ አረፋና ውሃ ሞልቶታል፤ አጠገቧ ካስኩ ይጮሃል። ውሃው ለብ ያለ ነው። በዚያ ወንበር ላይ እንዲህ በተጋደመች ቁጥር የምታደርገውን አደረገች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁሌም እንደምታደርገው፣ ለማይሰሙት ሴት ማውራት ጀመረች። ማይክሮፎኗም ከውሃው ጋር እሷንም አነሣቻት።

«ይብላኝላት ለእሷ» አለ ድምፅ ማጉያው ከጣሪያው ላይ። «ይሄን ሁሉ ዕቃ ያስጎተታት ምን ይመስልዎታል፣ እትዬ? ብስጭት ነው። እሱ እኮ ትናንትም ሱቄ መጥቶ ነበር። በጓሮ በር። ድልድዩን ተሻግሮ መላጫ ሊገዛ ይመጣል፤ እዚያ ሰፈር መላጫ የጠፋ ይመስል።»

ከሰፈሩ ሰዎች አንዱ ቁልፉን ጣለ፤ ለማንሣትም አልደፈረም። ነርሷ ሳል ሳል አለች፤ ቀጥላ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አምርራ ሳለች፤ ባለሱቋ ግን «ይማርሽ» ብላት ቀጠለች። እነዚያ አንገታቸውን የሚያዘነብሉት እንግዶች ይብስ አዘነበሉ።

«ሹፌር የነበረ ሰው ጎማ ሲነፋ ይዋል? ባለጎሚስታዋስ ብትሆን የምታዘው እንደ ሎሌ ነው። እኔ ደግሞ ለሚዶ አልነግራት፤ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አፍራለሁ፤ አይዞሽ ብያት እወጣለሁ። እሷ ታውቃለች እኮ። የምንፈራው እኛ ነን።»

ለምናይሆንም መብራቱን ልታጠፋ ወደ ማብሪያው ሮጠች። ሚዶ አረፋ የለበሰ እጇን አነሣችባት፤ ተይ ማለቷ ነው። ልጅቷ ማብሪያው ላይ እጇን እንደጫነች ቆመች። ከሚዶ አጠገብ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ ወሬውን ለመቁረጥ እሱን ማንሣት ብቻ ይበቃል። አላነሣችውም። ጎንበስ አለችና የባለሱቋን ጆሮ ከአረፋው ጠረግ አድርጋ ጠየቀች፦

«ወፍሯል?»

«ሆዱ ነው ቀድሞት የሚገ…» አለች ባለሱቋ፤ ቆመች። አክስትየዋ ጠይቀው አያውቁም። አክስትየዋ አይሰሙም። «እትዬ… ሰሙኝ እንዴ?» ብላ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ሳሙናው ገባበት።

«ጨፍኚው፣ ያቃጥልሻል» አለች ሚዶ። «ቀጥይ።»

ባለሱቋ አልቀጠለችም። ከሳሙናው ይሁን ከሌላ ያልለየ እንባ በጆሮዋ ግንድ ይወርዳል። ልነሣ ብትል ሚዶ ግንባሯን በመዳፏ ጫን አደረገቻት፤ እጇም ማሸቱን አልተወም። እንዲያውም ፈጠን አለች። ከዚያ፣ ማንንም ሳታይ፣ ያንን ጸጉር ቤት ውስጥ ስለ ሌላ ሰው ሲወራ የሚያዘውን ድምፅ ይዛ ጀመረች።

«አንዲት ጸጉር ሠሪ ነበረች አሉ። ባሏ ሰኞ ዕለት ሻንጣውን ይዞ…»

«ማክሰኞ ነው!» የሚል ጩኸት ከካስኩ ውስጥ ወጣ። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የሚጮህ መሆኑን አያውቅም፤ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። «ቆሻሻ የሚነሣበት ቀን ነበር! መኪናው እሱን አሳልፎ ነው የእኛን ያነሣው!»

«እሺ፣ ማክሰኞ» አለች ሚዶ። «ቡናማ ሻንጣውን ይዞ…»

«ሰማያዊ ነው» አለች ነርሷ፤ ማለቷንም ያወቀችው ካለች በኋላ ነው።

«ቡናማ ነው፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

ከተመልካቹ መሐል ቧንቧ ሠራተኛው ሳያስበው ተነሣ። «ሰማያዊ ነው፣ እትዬ። እኔ ነኝ እስከ ድልድዩ ያገዝኩት።» ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየው መሬት ብትውጠው በወደደ፤ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሚዶ ናት። ከእሷ በኋላ ማንም ሊይዘው የቻለ አልነበረም። ባለሱቋ ከነአረፋዋ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ሰውየው ሽርጥ ታጥቆ ማየቷን አመጣች፤ ነርሷ ሽርጡ ባለአበባ መሆኑን ጨመረች፤ ልብስ ሰፊዋ ያንን ሽርጥ የሰፋችው እሷ መሆኗን ከካስኩ ውስጥ ለመላው አዳራሽ አሳወቀች፤ «ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም!» ብላ ማለች። የሚዶን ባል ታሪክ ለሚዶ አስተካከሉላት፤ የተሳሳተችውን አረሙላት፤ በማታውቀው ላይ ተጣሉ፤ ሦስት ወሬ ባንድ ጊዜ ሄደ። እሷ መሐላቸው ቆማ ታጥባለች፤ ትጠይቃለች፤ ሐሰት ሲመስላት በእርጥብ እጇ ተይ ትላለች። ከፊት ረድፍ አክስትየዋ ሰዉ ለምን እንደሚስቅ ጎረቤታቸውን ጠየቁ። አሮጊቷ ጆሯቸው ላይ ጮኸው ነገሯቸው፤ ጩኸቱም ለሁሉ ተሰማ። አክስትየዋ ተገረሙ። «እሱን ለማወቅ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል እንዴ?» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ሚዶ የባለሱቋን ራስ አለቀለቀች። ፎጣ ጠቀለለችላት፤ ቀና አደረገቻት። ባለሱቋ ያን ጊዜ ነው አዳራሹን ያየችው፤ ከአናቷ በላይ የተንጠለጠለችውንም ማይክሮፎን። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር መጻፍ አይቻልም።

«በይ እንግዲህ» አለቻት ሚዶ። «አሁን አይዞሽ በይኝ። ለምን እንደሆነ ታውቋል።»

ባለሱቋ ፎጣዋን በሁለት እጇ ያዘች። የምታደርገው ንግግር አልነበራትም፤ የሚመሰገን አካልም አላስታወሰችም። «አይዞሽ» አለች፣ ዝግ ብላ።

«እሺ» አለች ሚዶ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ለዚያ ቃል መልስ የሰጠችው።

እዚህ ላይ ያልቃል ብሎ ያሰበው ብዙ ነው። አጨበጨቡ፤ ቆመውም ያጨበጨቡ ነበሩ። አንገታቸውን የሚያዘነብሉት አንገታቸውን አቀኑ። ለምናይሆንም እያለቀሰች መድረኩ ጫፍ ድረስ መጣች፤ ሰዓቱ መሙላቱን፣ ከዚህ የተሻለ መዝጊያ እንደማይገኝ፣ አሁን መብራቱን ብታጠፋው ሰው ሁሉ ይህንን ይዞ ወደየቤቱ እንደሚሄድ በሹክሹክታ ነገረቻት።

ሚዶ ፎጣውን ከባለሱቋ ራስ ላይ ገፈፈች። ጸጉሩ እርጥብ ነው፤ ተዘበራርቋል፤ ውሃው ትከሻዋ ላይ ይንጠባጠባል።

«እርጥብ ራስ ይዛ ከእኔ ቤት የወጣች የለችም» አለች። «የቸኮለ ይሂድ።»

ጥቂቶች ሄዱ። ሌላው ተመልሶ ተቀመጠ። ሚዶ ልብስ ሰፊዋን ከካስኩ አስነሥታ ባለሱቋን አስገባች፤ ማበጠሪያዋን አወጣች፤ የልብስ ሰፊዋን ጸጉር ከሥሩ ጀምራ፣ ዘለላ በዘለላ፣ ሳትቸኩል ፈታች። ቀጥላ ባለሱቋን አወጣችና እሷን ያዘች። አሁን የሚወራ ብዙም አልነበረም። እጇ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ሰዉም እጇን ያይ ነበር። የባለሱቋ ጸጉር ተስተካክሎ ሲያልቅ መስተዋቱን ከኋላዋ ያዘችላት፤ ባለሱቋ ዞር ዞር ብላ አየች፤ የሚዶን ትከሻ መታ መታ ሳታደርግ ከወንበሩ ወረደች።

ሚዶ ወንበሩን በፎጣ ጠረገች። የበርሜሉን ውሃ አየች፤ ለአንድ ራስ ይበቃል።

«ነይ አንቺ» አለቻት ነርሷን። «ተራሽ ነው።»